ልክ

እግር ጥሎኝ አልመጣሁም፤ አስቤበት ነው የመጣሁት፣
የሌሊቱን አውቶቡስ አስረክቤ፣ ሦስት ክረምት ያመነታሁት።
ኦውሉ፣ ታኅሣሥ፤ ፀሐይ ብድር እንዳለበት ጎረቤት
ደጃፍ ላይ ቆማ ሰላም ብላ፣ ሳትገባ የሄደችበት ዕለት።

ከመጋዘኖቹ ጀርባ አንድ ሱቅ፣ የጎማና የብረት ሽታ።
ኪርሲ የምትባል ሴት፣ የቀድሞ በረኛ፣ ሁለት ጣቷ የተጣመመ፣
ጫማዬን አስወልቃ ቁልቁል አየች፤
ከፊቴ በፊት እግሬን ሰላም አለችው።

«ስንት ቁጥር ነሽ?»
«አርባ።»
«እሱ የአስፋልት ነው» አለችና
የሆኪ ጫማ አመጣች፤ ሠላሳ ስምንት ተኩል።

ሳቅሁ። እኔ እኮ በሰፊ ጫማ ያደግሁ ነኝ፤
«ታድግበታለች» ተብሎ በተገዛ፣
ጫፉ ላይ ጋዜጣ በተጠቀጠቀበት፣
ስሮጥ እኔ ቀድሜ የምደርስበት፣
ጫማዬ ቷ ቷ እያለ ኋላ የሚከተልበት።
ያደግሁበት ቀን ሲመጣ
ጫማው አልቆ ነበር።
የትምህርት ቤት ቀሚሴም እንደዚያው፣
የመጀመሪያ ትዳሬም እንደዚያው፦
«ትለምጂዋለሽ፣ ትሞዪዋለሽ።»

«እዚህ ማደግ የለም» አለች ኪርሲ።
«ቀጥ ብለሽ ስትቆሚ አውራ ጣትሽ ጫፉን ይዳስስ፤
አይግፋ፣ ይዳስስ፣ በጨለማ በር እንደሚፈልግ እጅ።
ጉልበትሽን ስታጥፊ ተረከዝሽ ኋላ ሄዶ ይቀመጥ፣
ጣትሽም ይላቀቅ። ካልተላቀቀ ጠቧል።
ተረከዝሽ ከተነሣ ሰፍቷል።»
ከጆሮዋ ላይ እርሳስ አወረደች፣
ምላሱን ወደ ፊት ስባ
በማሰሪያው ቀዳዳዎች ላይ አጋደመችው።
እርሳሱ እግሬን ቢነካ ጫማው ጥልቀት የለውም ማለት ነው።
አልነካም።

ከዚያ ጫማዎቹን ምድጃ ውስጥ ከተተቻቸው።
የእግር እሳት ሲባል እሰማ ነበር፤
ያን ቀን ተጫማሁት።
«ሩብ ሰዓት ተቀመጪ። እንዳትቆሚ።
ማሰሪያውን ወደ ጎን ሳቢ፤ ወደ ላይ ከሆነ ቀዳዳው ይነቀላል።»
ተቀመጥሁ፣ አርባ ሦስት ዓመቴን ይዤ፣
ለብ ያለው ቆዳ አጥንቴን አንድ በአንድ ሲያጠና።
ለእኔ ሲል ቅርጹን የሚለቅ ነገር አላውቅም ነበር፤
ሁልጊዜ የምቀልጠው እኔ ነኛ።

ካርቶኑ ላይ «ኤማ» ብላ ጻፈች።
እማዋይሽ ክዳኑ ላይ አልበቃም።

ሳምንቱን ቤት ውስጥ ተጫምቼው ዋልሁ፣
ስለቱን በጎማ ሸፍኜ፣ በስስ ካልሲ፣
ሽንኩርት እየከተፍሁ፣ ደብዳቤ እያነበብሁ።
ከታች ያለው ፔንቲ የማሞቂያውን ቱቦ አንኳኳ፤
ደረጃው ላይ ሲያገኘኝም
«ፈረስ ነው የገዛሽው?» አለ፣ ሳይስቅ።

በአራተኛው ቀን የቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ቀላ፣
በአምስተኛው ጠቆረ።
ሰፋ ያለ እንድትቀይርልኝ ይዤው ሄድሁ፤
ኪርሲ እንቢ አለች። ከኪሷ የከንፈር ቀለም አውጥታ
አጥንቴን ቀባችው፤ ጫማውን አጠለቅሁ፣ አወለቅሁ፤
ቀዩ ነጥብ ውስጡ ላይ ታተመ።
ያቺን ነጥብ ብቻ በብረት ጉጠት ከውስጥ ወደ ውጭ ገፋቻት።
«ሁሉን አታስፊ» አለች፣
«የሚያምሽን ቦታ ብቻ።»
ሒሳብ አልተቀበለችኝም፤
እኔም ምን ብዬ እንደማመሰግናት ጠፍቶኝ
የአውቶቡሴን ቁጥርና ሰዓቱን ነገርኋት።

ሰኞ ሌሊት፣ ፈረቃዬ ሲያልቅ፣
ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ አንድ መብራት ብቻ።
ሁለት እርምጃ ሄድሁ፤ ሦስተኛውን ሰማይ እያየሁ ጨረስሁት።
በረዶው ልክ ልኬን ነገረኝ።
ጉልበቴ ተላጠ፣ ክርኔ ተላጠ፣
«እሷ ሾፌር ናት» የሚባለው ኩራቴም ተላጠ፤
ተረከዜ ግን፣ ኪርሲ ብትጠይቀኝ እምልላታለሁ፣
ከቦታው ንቅንቅ አላለም።